ሁለት ድስት በአንድ ማድ ቤት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ሰው ፊትም ብዙ የምናገር አይደለሁም፣ ሱቅ ስሄድ እንኳ የምፈልገውን በጣቴ ማሳየት ይቀለኛል። ዛሬ እስክሪብቶ ያነሳሁት በመስኮት በገባ ሽታ ምክንያት ነው። የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከታች ያሉትን ጎረቤቶቼን ስማቸውን አላውቅም፤ ዛሬ ግን እንግዳ ሳይመጣባቸው አልቀረም፣ የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታና የብዙ ሰው ሳቅ አንድ ላይ ሆነው ወደ ላይ ወጡ። ሳቁ የሚመጣው ከሳሎናቸው ሳይሆን ከኩሽናቸው መስኮት ነበር። መብራት ሳላበራ ቆሜ አዳመጥኩ።

የኛም ቤት እንደዚያ ነበር። ልጅ ሆኜ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ሳሎን ነበረን፤ እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል የለበሰ ሶፋም ነበረን። ነገር ግን የከባድ መኪና ሹፌር የነበረው አባቴ ከረጅም መንገድ ሲመለስና ጓደኞቹ ለእራት ሲጠሩ፣ ያ ሶፋ ባዶውን ያመሽ ነበር። እንግዶቹ ሁሉ የሚገኙት በግቢው ጥግ በቆመችው ማድ ቤት ነው፤ ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ጣሪያዋ ጥላሸት የጠጣ፣ ጥቂት ሰው ከገባባት በኋላ የሚመጣው አንገቱን ብቻ የሚያስገባባት ማድ ቤት።

ምክንያት ነበራቸው። እኛ ከወሎ የመጣን ሙስሊሞች ነን፣ ከአባቴ ጓደኞች ደግሞ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ስለዚህ በእራት ቀን ሁለት ዶሮ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። የኛን እናቴ ትሠራለች። የነሱን የሚሠሩት የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነበሩ፤ ድስታቸውንና ቢላቸውን ይዘው ይመጡና፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ከእናቴ ጎን በርጩማ ላይ ቁጭ ይላሉ። ወንዶቹም «የኛ ድስት እንዴት ሆነ?» እያሉ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ የገባ ግን አይወጣም። አንዱ እሳት ያራግባል፣ አንዱ እንቁላል ይልጣል፣ አንዱ ምንም ሳይሠራ በሩን ዘግቶ ይቆምና ጭሱ እንዳይወጣ ያግደዋል። እኔ ያኔ በዓለም ላይ እንግዳ ሁሉ ማድ ቤት የሚሰበሰበው ድስቱን ለመጠበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኔም ሥራ ነበረኝ። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የምደበቅ ልጅ ስለነበርኩ፣ እናቴ የማማሰያ ጠባቂ አደረገችኝ። በነሱ ማማሰያ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፣ የኛው ክር የለውም፤ ሁለቱ እንዳይቀያየሩ በድስቶቹ መካከል ተቀምጬ ማየት ነበር ሥራዬ። ማንም አያናግረኝም፣ እኔም ማንንም አላናግርም፣ ግን የሁሉም ጉልበት ይነካኛል። እንደዚያ ተሞቆ ዝም ማለት እንዴት ደስ እንደሚል አሁን ነው የማውቀው።

አንድ ማታ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ መካኒክ፣ የአባቴ የቅርብ ጓደኛ፣ ረሃቡ ሳይጠናባቸው አልቀረም፣ እናቴ ዞር ስትል የኛን ማማሰያ አንስተው የነሱን ድስት አማሰሉ። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ከዚያ «የቱ ይበልጥ ይሆን?» ብለው ያንኑ ማማሰያ ወደ ኛ ድስት መለሱት።

«ኧረ ማማሰያው!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞሮ ድስቶቹን አየ። አሁን ያ ወጥ ለነሱም ለኛም የማይበላ ሆነ፤ ሁለት ዶሮ፣ ያ ሁሉ ሽንኩርት፣ ያ ሁሉ ድካም። እትዬ ብርቄ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ።

«አንተ ደምሴ! ይሄ የሞተር ዘይት መሰለህ እንዴ፣ ዘንግ እየከተትክ የምትለካው?»

«ዘይቱን ተዪው እባክሽ፣» አሉ ጋሽ ደምሴ እኔን እያዩ፣ «ይቺ ልጅ ድምፅ አላት ለካ!»

እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። የሰፈር ውሾች ያን ዕለት ሠርግ ሆነላቸው፤ እኛ ሽሮ ሠራን። አንድ ድስት፣ አንድ ማማሰያ፣ አንድ ትሪ። ሳሎን ለመግባት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እዚያው ማድ ቤት ቆመን፣ እጅ ከእጅ እየተጋጨ በላን።

ሰፈራችን ሲፈርስ እኛ ወደ ሰሚት መጣን፣ እትዬ ብርቄ ቤት የደረሳቸው ከከተማው ማዶ ነበር። አባቴ እዚህ ብዙም አልቆየም። አምና እናቴም ተከተለችው። ቀን ቀን ሾላ ገበያ በርበሬ እለቅማለሁ፣ ማታ ለራሴ ብቻ የሚሆን ነገር በትንሽ ድስት እሠራለሁ።

ከእናቴ ለቅሶ በኋላ ድፍረቴን ሰብስቤ እትዬ ብርቄን እራት ጠራኋቸው። ብዙ አሰብኩበት። ሥጋ ከሠራሁ ሁለት ድስት ሊያስፈልግ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ አርጅተዋል፣ ዕቃ ተሸክመው ደረጃ እንዳይወጡ ብዬ ምስርና ጎመን ሠራሁ። ከጠዋት ጀምሬ አብስዬ ጨረስኩ፣ ወለሉን ወለወልኩ፣ ዕቃውን አጥቤ ደረደርኩ። ሲመጡ ብርቱካን በፌስታል ይዘው ነበር። ሳሎኑን አልፈው በቀጥታ ኩሽና ገቡ፣ ነጠላቸውንም ወገባቸው ላይ ማሰር ጀመሩ።

«ምኑን ልያዝልሽ?»

«ምንም የለም እትዬ፣ ሁሉም ደርሷል። እርስዎ አረፍ ይበሉ።»

የተከደኑትን ድስቶች አዩ። ነጠላቸውን ቀስ ብለው ፈቱት፣ ሄደውም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እራቱን አመሰገኑ፣ ቤቱን አመሰገኑ፣ ስለ ውሃና ስለ መብራት ጠየቁኝ። ቦርሳቸው እስኪሄዱ ድረስ ጉልበታቸው ላይ ነበር። እኔም ብርቱካን እልጥ ነበር። ማድ ቤት ሰው የሚሰበሰበው ድስት ሊጠብቅ አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ በእጁ የሚይዘው ነገር ስላለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ልጃቸው አዳማ ወሰደቻቸው፤ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ያቺን ማድ ቤት የሚያስታውስ ሰው ከእኔ ሌላ ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ዘንድ እራት የበሉ ዕለት ማታ ታክሲ ድረስ ሸኝቻቸው ነበር፤ ከገቡ በኋላ በመስኮቱ በኩል እጄን ያዙኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ሌላ ጊዜ ሥራው ሳያልቅ ጥሪኝ፣ ልጄ።»