የተቀናጁት ትራክተሮች

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ትራክተሩ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ቀረ። ሞተሩ ተሰንጥቋል። ዶሮዎቹ ከወንበሩ ሥር እንቁላል ይጥላሉ። እኔ ደግሞ ከገበያ ስመለስ ግሪስ ገዝቼ መገጣጠሚያውን እቀባዋለሁ። ለምን ቢሉኝ፣ ሥራ የፈታ በሬም ይታሻል እላለሁ።

ልጄ ከዐረብ አገር እንደተመለሰች ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ይሄ እኮ አስከሬን ነው፣ ቁራሌዎቹ ቆራርጠው ይውሰዱት፣ ቦታው ለፍየሎቹ ይሁን አለችኝ። ክረምት እስኪገባ ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች። ከዚያ ግን አንድ ቀን እንደማትጨምር አውቃለሁ፤ የአባቷ ልጅ ናት።

እኔ እግሬ አያርፍም። ጠበል ሲሉኝ፣ ለቅሶ ሲሉኝ እሄዳለሁ። በዚያው ሰሞን ለለቅሶ ወደ ጎረቤቱ ወረዳ፣ ወደ ጋዝጊብላ ስሻገር፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ የኛው ትራክተር መንትያ ቆሞ አየሁ። ያው ቀይ አፍንጫ፣ ያው የጭስ ማውጫ። አንድ ፕሮጀክት ሁለቱን አምጥቷቸው ኖሮ፣ ሲያበቃ በጨረታ ሲሸጡ አንዱን ባለቤቴ፣ ሌላውን የዚህ ግቢ ጌታ የሆኑት ሽማግሌ ገዝተውታል። የእሳቸው ሞተሩ ደህና ነው፤ ካምቢዮው ግን ተሰባብሯል፣ ጎማዎቹም አልቀዋል።

ሞተሩን ይሽጡልኝ አልኳቸው። እርስዎ ካምቢዮውንና ጎማውን ይሽጡልኝ አሉኝ። ሁለታችንም እምቢ። ጠላ ቀረበልንና ጠጣን። በኋላ እሳቸው፦

"አንድ አንድ በሬ ብቻ የቀራቸው ሰዎች ምን ያደርጋሉ?" አሉ።

"ይቀናጃሉ።"

"እኛስ ከማን እናንሳለን?"

መቀናጆ የኛ አገር ወግ ነው። አንድ በሬ ያለው፣ አንድ በሬ ካለው ጋር አብሮ ይጠምድና በተራ ያርሳሉ። ሲመሽ በሬው ሁሉ ወደየበረቱ ይገባል። በዚሁ ሕግ ተስማማን፣ ሰው ፊት ተጨባበጥን። ብረት እንደ በሬ ማታ ተፈቶ እንደማይሄድ ግን አንዳችንም አላሰብንም።

ከሰቆጣ መካኒክ ጠራን፣ ሞተሩን በጭነት መኪና ወደ እኔ ግቢ አመጣነው። የእኔ ሥራ ብሎኑን በናፍጣ እያጠብኩ በየጣሳው መለየት ነበር። ሽማግሌው አልሄዱም፤ ሦስት ሌሊት ሙሉ ከሞተራቸው አጠገብ አጎዛ አስነጥፈው ተኙ። በአራተኛው ቀን ትራክተሩ ሁለቴ አስሎ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች።

ያኔ ነው ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ "እንግዲህ በውላችን፣ ሲመሽ የኔው ከኔ በረት ይደር" ያሉት።

መካኒኩ እጁን እየጠረገ አያቸው። "አባባ፣ ማታ ማታ ሞተሩን እየፈታሁ ላስይዝዎት? ጧት ይዘውት ይመጣሉ?"

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ሌሊቱን ያን ያህል የጠበቁት ሞተሩ እኔ ዘንድ እንዳይቀር ሰግተው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለእኔም ቀላል አልነበረም። መሪው ላይ ያለውን ጨርቅ ባለቤቴ ነው በእጁ የጠመጠመው። ከግቢዬ ከወጣ መቼ ላየው ነው? አፌ ላይ የመጣው እምቢታ ነበር።

ግን መሬቴን አሰብኩ። የኔ መሬት እርከን ነው፤ ትራክተር የሚዞርባት ከወንዙ ዳር ያለችው ቁራጭ ብቻ ናት፣ እሷም በአንድ ቀን ታልቃለች። የእሳቸው ሜዳ ነው፣ የጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው። እኔ ዘንድ ካደረ፣ ያችን ቁራጭ አርሶ ተመልሶ መቆሙ ነው።

"ይሂድ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ግን የኔን ቁራጭ አርሶ።"

ሽማግሌው ተነሥተው ትከሻዬን ሳሙኝ።

በማግስቱ አረሰ። እኔም ከኋላው ድንጋይ እየለቀምኩ ተከተልኩት። ከቀትር በኋላ መካኒኩ እየነዳ፣ ሽማግሌው ከጎማው መሸፈኛ ላይ ተቀምጠው የጋዝጊብላን መንገድ ያዙ። ልጄ፣ ሰጠሽው ማለት ነው? ብትለኝ፣ አልሰጠሁትም፣ ተቀናጅቶ ነው፣ ተራዬ ሲደርስ ይመጣል አልኳት። ቢዘገይም መንገዱን አውቀዋለሁ። ድምፁ ከዳገቱ ማዶ እስኪጠፋ ቆምኩ፤ ከዚያ ለማውጫ የከፈትነውን አጥር በእሾህ መልሼ ዘጋሁ።