ተጣሞ ነበር እንዴ?

የልጅነት ጓደኛዬ ጫልቱ ካረፈች በኋላ ልጇ አንድ የወተት ቅል ይዛልኝ መጣች፤ «እናቴ ‹ለእሷ ስጧት› ብላለች፣ እማማ» አለችኝ። ክዳኑን ብድግ ባደርገው ያ የወይራ ጢስ ሽታ ብድግ አድርጎ ወስዶ አዳማን ናዝሬት በምንልበት ዘመን፣ ግራሩ ሥር ዘጭ አደረገኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የሰፈራችንን ታሪክ ግን ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ፣ ወንበር አለኝ። የድሮ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሱሴ ነው፤ ሌላው ልጅ እቃቃ ሲጫወት እኔን የድሮ ሰው ሆኖ መጫወት ነበር የሚያንገበግበኝ። አባባ ከቡልጋ በበቅሎ ወርዶ እዚህ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ጢሙን እየጠቀለለ «ይሄን ሰፈር ያቀናሁት እኔ ነኝ፣ ስመጣ ግራርና ጅብ ብቻ ነበር» ይለናል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የአባባን ካፖርት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለብሼ፣ በከሰል ጢም ስዬ፣ መጥረጊያ እንደ በቅሎ ጋልቤ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አሰልፌ አገር አቀናለሁ። ጫልቱ ደግሞ፣ በአባባ ታሪክ ውስጥ ሌላ ቦታ ስላልነበራት፣ ጅብ ነበረች። እንዴት ያለች ጅብ መሰለቻችሁ! ስትጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯት ይጮህ ነበር።

አንድ ቀን ሴት አያቷ፣ አኮ የምንላቸው፣ ይሄንኑ ቅል ይዘው ሲያልፉ ቆም ብለው ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። ደረቴን ነፍቼ፣

«አባባ አገር ሲያቀና ነው!» አልኳቸው።

«ማቅናት ምንድን ነው?»

«የተጣመመውን ቀጥ ማድረግ ነዋ፣ አኮ!»

ግራሩን አዩ፣ መሬቱን አዩ። «ተጣሞ ነበር እንዴ? እዚሁ ተወልጄ ማንም አልነገረኝም'ኮ! አባትሽ ሲመጣ ወተት ያጠጣው ታዲያ ማነው፣ ጅቡ ነው?» አሉና «ጫልቱ፣ ኮቱ!» ብለው በአራት እግሯ የቆመችውን ልጅ አቧራዋን አራግፈው ይዘዋት ሄዱ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጫልቱ ቀረች። በሌላውም ቀረች። ጅብ የሚሆን ልጅማ ሞልቷል፣ ያጣሁት ጫልቱን ነው። በመጨረሻ አባባን ወተት ያጠጣህ ማነው ብዬ ብጠይቀው ድንገት ሳል ያዘው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ገና እንደመጣ ወባ ጥሎት አኮ ግራሩ ሥር እንዳገኙትና ወተት እያጠጡ እንዳስታመሙት ነገረኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያወራ ይህቺን ብቻ ዘሏት ነበር፣ ሽማግሌው!

በነጋታው ጫልቱ ደጅ ሄጄ በአራት እግሬ ሆኜ እንደ ጅብ ጮህኩ። ውሻቸው የእውነት መስሎት ቀሚሴን ከኋላ ዘነጠለው፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን ያ ሳቋ ፈነዳ። «ጅብ እንደዚህ አይጮህም፣ አንቺ ደንቆሮ!» ብላ ልታስተምረኝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጅቧ እኔ፣ ቅል ይዘው የሚመጡት አኮ እሷ ሆነች፤ አባባን የሚሆነው ልጅ ደግሞ ወባ ይዞት ይተኛል። ጎንበስ ብላ «ተጣሞ ነበር እንዴ?» ስትል ከሁሉም ቀድማ የምትስቀው ጅቧ ነበረች።

አያት ከሆንን በኋላም በየዓመቱ ይሄንኑ ጨዋታ ለሰፈሩ ልጆች እናሳይ ነበር፣ ማን ሊከለክለን! ግራሩ የነበረበት ዛሬ ባጃጅ ተራ ነው፤ ሾፌሮቹ ቆመው ያዩናል። ዘንድሮ ቅሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። የልጅ ልጆቼ ጅብ አይተው ስለማያውቁ እንደ ባጃጅ ጡሩምባ ነው የሚጮሁት፤ እሱን አቀናዋለሁ፣ ችግር የለም። ግን ጎንበስ ብዬ «ተጣሞ ነበር እንዴ?» ብላቸው እነዚህ ጉዶች ወገቤን ያዩና «አዎ፣ እማማ!» አይሉኝ መሰላችሁ!

ይሄን ሰምታ በሳቅ የምትፈነዳው ግን ቅሏን ልካልኝ ሄዳለች።