ስንጥቁ ላይ የለጠፍኩት ጀሶ

ሰበታ አጠገብ ባለው የድንጋይ ካባ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መዶሻ ብቻ ነው። የሰጡኝ ፎርማኑ ኦቦ ገመቹ ናቸው። "ምታና ስማ" አሉኝ። ደህናው አለት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። እስከ ምሳ ስመታ ቆየሁ።

ኦቦ ገመቹ ወለጋ ውስጥ ግራናይት ሲፈልጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚያ አንዱ በአንዱ ላይ የተቆለለ ቋጥኝ ብዙ ነው ሲሉኝ "ማን ቆለለው?" አልኳቸው።

"ማንም። አለቱ ድሮውንም ስንጥቅ አለው። ትንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ ግራናይት አትሰብርም፤ ስንጥቁን ግን ታላላዋለች። ዝናብ ገብቶ አፈሩን ያጥበዋል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ትነቀንቀዋለች። የላላው ይወድቃል። አንተ ቆሞ የምታየው የተረፈውን ነው።" ቀጠሉና "የሰበታ ድንጋይ ግራናይት አይደለም፤ የስንጥቁ ጠባይ ግን ያው ነው" አሉኝ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ፎርማንነቱ ለኔ ደረሰኝ።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ በተነሳ ሰሞን ወጣቶች ይዘጉት ስለነበር መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። አንድ ጠዋት መሬቱ ለጥቂት ሰከንድ ተንቀጠቀጠ። የቢሮው መስኮት ተንጫጫ እንጂ ሌላ የሆነ ነገር የለም፤ ሰው ስቆ አለፈው። እኔ ወደ ካባው የላይኛው የአለት ግድግዳ ወጣሁ። እዚያ ያለው ስንጥቅ ቢንቀሳቀስ እንዲያስታውቀኝ ጀሶ ለጥፌበት ነበር። ጀሶው ለሁለት ተሰብሯል።

ለሥራ አስኪያጁ "ከስሩ ሰው አይግባ፤ መጀመሪያ የላላውን ከላይ እናውርድ" አልኩት።

"መንገዱ ዛሬ ተከፍቷል። ነገ መዘጋቱን ማን ያውቃል? ድንጋዩ ዛሬውኑ ይጫን።"

"ጀሶው ተሰብሯል እኮ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "በዚህ ሰሞን ሥራ ይቁም የሚል ሰው ምን እንደሚፈልግ እናውቃለን። ስምህ ለፖሊስ እንዲሄድ ትፈልጋለህ?"

ዝም አልኩ። ሰው እየታሰረ ነበር፣ ልጆችም አሉኝ። ቢሆንም ያ ዝምታ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ድሪል የሚይዘው ቶሎሳ ነበር። ካባው የተቆፈረው አባቱ ጤፍ ያርሱበት በነበረ መሬት ላይ ነው፤ ከዚያ መሬት የተረፈው ይህ ሥራ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ "ልግባ ፎርማን?" አለኝ።

"ስንጥቁ በቀኝ ስለሆነ በግራ በኩል ብቻ ሥራ" አልኩት። ቋጥኙ በግራም በቀኝም ወረደ።

ቶሎሳን እግሩ ተጨፍልቆ በመኪና ይዘነው ስንወጣ መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። የዘጉት ወጣቶች እሱን ሲያዩ ድንጋዩን በእጃቸው እያነሱ አሳለፉን። ሥራ አስኪያጁ ሊቆጥረኝ የፈለገው ከእነዚህ ጋር ነበር። ሆስፒታል ደረስን፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

በሳምንቱ ወረቀት ቀረበልኝ፦ "አደጋው የደረሰው በመሬት መንቀጥቀጥ ስለሆነ ተጠያቂ የለም።"

"ፈርም" አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

"መንቀጥቀጡ ጠዋት ነው፣ ቋጥኙ የወረደው ከምሳ በኋላ። መሀሉ ላይ የነበርነው እኔና አንተ ነን" አልኩት። አልፈረምኩም። በዚያው ቀን አባረረኝ። ቶሎሳ ድርጅቱን ሲከስ ፍርድ ቤትም የመሰከርኩት ይህንኑ ነው፣ የራሴንም ጥፋት ጨምሬ። ለቶሎሳ ካሳ ተፈረደለት። እኔ ቡራዩ ሄጄ እስክደክም ድረስ ኮብልስቶን ፈለጥኩ።

አሁን ካባ ለምትገቡ የምለው ይህ ነው። መሬት ከተነቃነቀ በኋላ የላላው ሳይወርድ ከስሩ ሰው አታስገቡ። አለቃ ግቡ ካለ ሠራተኞቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኔ አልወጣሁም።