ጎረቤቴ ኤሌክትሪክ የተመዘነችበት ቀን

«ስሜ ወጥቷል! ኤሌክትሪክ ደርሶኛል!»

ስልኩ ውስጥ የምትጮኸው ጎረቤቴ ናት። እኔ ከጀሞ ወደ መካኒሳ በሚሄድ ታክሲ የመጨረሻው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ነበር፤ እንደተጣበቅኩ ጮህኩ። ረዳቱ ዞር አለና «ምነው እህት፣ ሎተሪ ወጣልሽ እንዴ?» አለኝ።

«ጓደኛዬ ኮሌጅ ገባች! ኤሌክትሪክ ልትማር ነው!»

«ቶሎ ጨርሳ ወደኛ ሰፈር ትምጣ በያት፤ ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ነን» ሲል ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ደስታዬ ግን ግቢያችን እስክገባ ብቻ ነው የቆየው።

እኔና እሷ መካኒሳ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። የእኛ ቤት በሩ ጋ፣ የእነሱ ከቧንቧው ጀርባ። እኔ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር አክስቷ ከቤሩት «ላኳት፣ የምትሠራበት ቤት አግኝቼላታለሁ» አለች። ለፓስፖርት ፎቶ ተነሣች። ከእነዚያው ፎቶዎች ሁለቱን ይዘን ነው እኔና እሷ ለኮሌጁ ምዝገባ የሄድነው። ዘመድ ሁሉ «ካልቀረልሽ አካውንቲንግ» ይላታል። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የተበላሸ ሬዲዮ ካልፈታሁ የምትል ናት። መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ምን ላርግ?» አለችኝ። «ፎርሙ ያንቺ ነው» አልኳት። ኤሌክትሪክ ብላ ሞላች።

እናቷ ጉልት ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡ ቁጡ ሴት ናቸው። ገና ከታክሲ ወርጄ ግቢ ከመግባቴ ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ ባለ ኮሌጅ!»

«አቤት እትዬ።»

«ልጄን አስመዘገብሽልኝ አሉ። ጥሩ። የመጀመሪያውን ምዘና ካለፈች ትማር። ከወደቀች አክስቷ ጋ ትሄዳለች፤ ፓስፖርቱ እንደሆነ እጄ ገብቷል።»

«ታልፋለች እትዬ።»

«መዛኟ አንቺ ነሽ?»

አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤት ገባሁ። 

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አለኝ። እሷ ግን ታጠናለች፣ ኧረ እንዴት አድርጋ! ልብስ እያጠበች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ደስ ብሎኝ አንድ ቀን «እስቲ በይልኝ» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች። በእንግሊዝኛ፣ ሳትተነፍስ፣ አንድ ቃል ሳትስት። የኮሌጁ መማሪያ ጥራዝ፣ ሞጁሉ፣ ግርጌ ላይ ያለውን «ፔጅ ፎርቲን» የሚለውን እንኳ አልዘለለችውም፤ እሱንም ብላ ቀጠለች።

«ቆይ፣ ቆይ! አሁን ያልሽው ምን ማለት ነው?»

«መልሱ ነዋ! መልስ ደግሞ ምን ማለት ነው ይባላል እንዴ?»

ሳቄ መጣ። እሷ ብቻ መሰለቻችሁ? ሁላችንም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲመጣብን ያዳነን ሽምደዳ ነው። ገብቶን ሳይሆን ይዘነው ነው ያለፍነው። ወርክሾፕ ውስጥ ግን መዛኙ ጥያቄውን ትንሽ ጠምዘዝ ካደረገው የተሸመደደው በሙሉ በአንዴ ብን ይላል። እሷ ብን ካለባት ደግሞ ቤሩት ናት።

«በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንግሊዝኛ የለም» አልኳት። «መጀመሪያ በግቢያችን ቋንቋ።»

ግቢያችን ለአምስት ቤት አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሰካ ሰው በር ላይ ወጥቶ «ምድጃ ሰካሁ!» ብሎ መጮህ አለበት። ሳይጮህ ሰክቶ ሌላው ቤት ካውያ ላይ ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ስድቡም አብሮ ይወርዳል።

«ለምንድን ነው የምንጮኸው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እንዳንሰዳደብ።»

«አትቀልጂ!»

አሰበች። «ሁለቱ አንድ ላይ ሲስቡ ሽቦው አይችልም፤ ይግላል። ስለዚህ ብሬከሩ...» አቋረጠችና አፈጠጠችብኝ። «ውይ በማርያም! ኦቨርሎድ የሚሉት ይሄንን ነው እንዴ?»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሞጁሉን ከአንድ ጫፍ ጀመርነው። አልጨረስነውም። የምዘናው ቀን ደረሰ።

ወርክሾፑን በመስኮት ከውጭ ማየት ይፈቀዳል። ከውጭ ቃል የተነፈሰ ግን የምትመዘነውን ልጅ ሥራ ያሰርዝባታል። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆምኩ። የተሰጣት አንድ አምፖል ከሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ጋር እንድታገናኝ ነው፤ እንደ ኮንዶሚኒየም ደረጃ መብራት፣ ከታችም ከላይም የሚበራውን። ሽቦውን ላጠች፣ አሰረች፣ ብሬከሩን አነሣች፣ ማብሪያውን ተጫነች።

አልበራም።

ሌላኛውን ተጫነች። አልበራም። መዛኙ እስክሪብቶውን አነሣ። እሷ ደነገጠችና እጇን ወደ ሽቦው ሰደደች። ኮረንቲው እኮ አልተቋረጠም! ኮረንቲ ሳያቋርጥ ሽቦ የነካ ወዲያው ምዘናውን ይወድቃል፤ ባይወድቅም ኮረንቲው ይይዘዋል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ብጮህም ያው መውደቋ ነው። ነጠላዬን ነከስኩት።

እጇ አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብላ ሰበሰበችው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደችና ብሬከሩን ቁልቁል አወረደችው። ከዚያ ፈታችና ፈለገች። አንዱ ሽቦ ብሎኑ ሥር በደንብ አልተያዘም ነበር። አጠበቀችው፤ ብሬከሩን አነሣች። ከታች ስትጫን በራ። ከላይ ስትጫን ጠፋ።

አለቀ ብዬ ስተነፍስ መዛኙ በእንግሊዝኛ ጠየቃት፤ ማጥፊያውን ኮረንቲ በሚያመጣው ሽቦ ላይ እንጂ በመላሹ ላይ ለምን አላደረግሽውም ነው ነገሩ። ዓይኗን ጨፈነች። ጉድ ፈላ! የሞጁሉን አረፍተ ነገር ታነበንበው ጀመር።

«ይሄንን አልጠየቅኩሽም» አላት።

  እኔ በልቤ እናቷን፣ አክስቷን፣ ፓስፖርቱን አየሁ።

«ቲቸር...» አለች ዓይኗን ገልጣ። «በአማርኛ ልመልስ?»

አንዳችንም እንዲህ ብለን ጠይቀን አናውቅም። የሚፈቀድ ሁሉ አይመስለንም ነበር።

«መልሺ እንጂ! እኔስ ቤቴ ስቆጣ በምንድን ነው የምቆጣው?»

«መላሹ ላይ ባደርገው አምፖሉ ይጠፋል፤ ግን መያዣው ውስጥ ኮረንቲ ይቀራል። እናቴ ጠፍቷል ብላ አምፖል ልትቀይር እጇን ብትሰድ ይይዛታል።»

መዛኙ አንድ ነገር ጻፈና «ቀጣይ!» አለ።

ንቅንቅ አላለችም። «ቲቸር፣ አለፍኩ?»

«ብቁ ብዬሻለሁ፤ ቦታውን ልቀቂ አሁን!»

ከዚያ በኋላ የጮህኩትን ጩኸት የሚሰርዝ አልነበረም።

ጉልት ስንደርስ እናቷ ሽንኩርት እየመዘኑ ነበር። «እማ፣ አለፍኩ!» ስትላቸው ፈገግ እንኳ አላሉም። ደንበኛቸውን ሸኙ፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ለአክስቷ ድምፅ ቀዱ። «ስሚ፣ ለዚያ ቤት ሴትዮ ሌላ ሰው ፈልጊላት። የኔዋ ትምህርት ላይ ናት።» ከዚያ ወደኛ ዞሩ። «ምን ይገትራችኋል? ሂዱ ብሉ፤ ፊታችሁ አመድ መስሏል።»

ያን ቀን ያየሁት የፊታቸው መፍታታት ግን... እሱን መጻፍ ገና አልቻልኩበትም።

አሁን እትዬ ቲማቲም የሚገዛቸውን ሁሉ «ቤት የተቀመጠ ልጅ አለሽ? ላኪው» ይላሉ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በረንዳችን ላይ አዲስ ተመዝጋቢዎች ይሰበሰባሉ፤ የምታስተምረው ደግሞ እሷ ናት፣ እኔ ፎርም አስሞላለሁ። እናንተም ዘንድ የኮሌጅ ሰሌዳ ላይ ስሙ ወጥቶ ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ ልጅ ካለ ይዛችሁት ኑ። ሩቅ ከሆናችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጎኑ ቁጭ በሉና «ይሄ ምን ማለት ነው?» በሉት። እስኪመልስላችሁ ጠብቁት፤ በፈለገው ቋንቋ።