ካንቫሱ ላይ የነበረው ሰውዬ

ድንኳኑ ፈርሶ፣ የተዋስናቸው ወንበሮች ተመልሰው፣ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ነው እናቴ «የአባትሽን ፎቶ አሳድገሽ አምጪልኝ፤ ሳሎን ይሰቀል» ያለችኝ። ደክሞኝ ነበር። ከማስታመም ወደ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ወደ ሥራ ሳላርፍ ነው የተሻገርኩት። ግን እሷን እምቢ ማለት ከመሄዱ በላይ ያደክማል።

አባዬ ፎቶ አይወድም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጎሚስታ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ካሜራ ሲያይ እጄን ልታጠብ ብሎ ይጠፋል። ስልኬን በርብሬ ያገኘሁት በወንድሜ ሠርግ ላይ ከሰው መሀል የቆመበትን ብቻ ነው፤ እሱም በቴሌግራም ሲዞር ቆይቶ የደረሰኝ።

ሸጎሌ፣ ከታክሲ መውረጃው ጀርባ፣ ፎቶ ካንቫስ ላይ የሚያትም ሰው አለ። የአባዬን ፊት ለብቻው ቆርጦ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያሳድገው ፊቱ ተበታተነ።

«እህቴ፣ ይሄ በጣም ትንሽ ነው። እንዲሁ ከታተመ ይደበዝዛል። በኤአይ ላጥራልሽ?»

«እሺ፣ በቃ አጥራው» አልኩት። ቆሜ ለማየት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም።

ሲደርስ እንደታሸገ ተቀብዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አቁሜ፣ ወያላው እየተነጫነጨብኝ ቤት አደረስኩት። እናቴ ላስቲኩን ገፈፈችና አየችው።

«ይሄ ማነው?»

«አባዬ ነዋ!»

«አይደለም።»

ያኔ ነው እኔም በደንብ ያየሁት። አባዬ በወጣትነቱ ጎማ ሲነፋ የመሀሉ ብረት፣ ቸርኬው፣ ተፈናጥሮ መትቶት የግራ ዐይኑ ቆብ ወደ ታች ያዘነበለ ነበር። ማሽኑ አቃንቶታል። የጎደለውን ጥርሱን ሞልቶለታል፤ ግንባሩን አለስልሶታል። የአባዬን ኮት የለበሰ ሌላ ሽማግሌ ነው።

«ቆንጆ ሰው ነው» አለች እናቴ። «ግን አላውቀውም።»

በለቅሶው ሰሞን መጪውን ሁሉ ስታጽናና የከረመች ሴት፣ ያን ቀን ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው አልተከራከረኝም። «ብዙ ሰው እንደዚያ ሲሆን ነው ደስ የሚለው» አለ በሐዘኔታ።

«እንዳለ አትምልኝ።»

«ይደበዝዛል እኮ።»

«ይደብዝዝ።»

ትንሽ አሰበና፣ ፊቱን ብቻ ከመቁረጥ ከሠርገኞቹ ጋር በአነስተኛ መጠን ብናትመው እንደሚሻል ነገረኝ። እንደዚያው አደረግን።

ሳሎን ሰቀልኩላት። እናቴ መጀመሪያ ቀርባ አየችው፤ ከቅርብ ቀለም ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች ማድ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ከዚህ ሲያዩት እሱ ነው» አለች።

ወንበሯን አምጥታ እዚያው አስቀመጠች። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ድስት ይዘን ስናልፍ እየተሹለከለክን ነው፤ ወንበሩን አንሺው ያላት ግን የለም።