የረጋ ወተት

ቢቸና ጤና መኮንን ሆኜ ስሠራ፣ ስለ መርሳት በሽታ ባሕር ዳር ሠልጥኜ የተመለስኩ ሰሞን ነው። ያወቅሁትን ለሰው ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አንዲት ሴት ከደብረ ወርቅ አባቷን ይዛ መጣች። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። አሁን የልጃቸውን ስም እንኳ ይረሳሉ።

“የኔታ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?” አልኳቸው። በጣታቸው መቁጠር ጀምረው ተዉት።

“ይቺስ ማን ናት?”

አየት አደረጓትና “ደግ ሴት ናት” አሉኝ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

እኔም ያን ሥልጠናዬን ጀመርኩላት። “በዚህ በሽታ አንጎል ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ነገር እየጓጎለ ይጠራቀማል” ብላት ግራ ገባት። ያገሬው ሰው የሚያውቀው ምሳሌ ፈለግሁና “በቃ፣ እንደ ወተት ይረጋል” አልኳት።

ይሄኔ የኔታ ቀና አሉ።

“የረጋ ወተትማ ይናጣል” አሉኝ፣ ረጋ ብለው። “ቅቤውን ተማሪዎቼ ይዘውት ሄደዋል። አንተ የምትመረምረው አሬራውን ነው።”

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሥልጠናው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የነገረን አልነበረም። ኋላ እንዳልረሳው ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩትና፣ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ አስቁሜ ቃል በቃል አነበብኩላቸው።

ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙኝ። በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ግሩም ነው” አሉ። “ይሄን ያለው የማን ተማሪ ነው?”