የሰርቪስ ቤቷ አራስ

ተረፈች ደቻሳ በሕይወቷ የሄደችው ትልቁ መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። አባቷ ኦቦ ደቻሳ ገብስ ይዘሩበት በነበረው የሱሉልታ መሬት ላይ ቪላ ቆመ፤ እሷም ባሏን ቀብራ፣ ያንኑ ቪላ ልትጠርግ ገባች። ይኸው ስድስት ዓመቷ። ከጓሮ ያለችው ጠባብ ሰርቪስ ቤት አገሯም፣ ትዳሯም፣ እንጉርጉሮዋም የተጠቀለሉባት ክፍል ናት።

ልጇ ፌኔት በኩሯን ልትወልድ ስትል የመጣችውም ወደዚያችው ክፍል ነው። ሌላ የእናት ቤት ከየት ታምጣ? የመጀመሪያዋን የምትወልድ ሴት እናቷ ዘንድ ገንፎዋን በልታ፣ ልጇን ክርስትና አስነሥታ ትወጣለች እንጂ አማቷ ቤት አትተኛም። ፌኔት ወንድ ወለደች። አርባ ቀን መቆየቷ ነው።

ኅዳር ደግሞ የሱሉልታ ኅዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ይነጣል፤ ብርዱ በበር ሥር ገብቶ እንደ ድመት እግር ሥር ይተኛል።

የቪላው መብራት፣ የግቢው በር፣ ፓምፑና ማሞቂያው የሚታዘዙት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ስክሪን ነው፤ ዳሽቦርድ ይሉታል። የዘረጋው የተረፈች የእህት ልጅ አማኑ ነበር፤ ቡራዩ የሚኖር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። አክስቱ ስታለቅስበት ለሰርቪስ ቤቷ አንድ ማሞቂያ ቀጠለላትና ማብሪያውን ዳሽቦርዱ ላይ ለብቻው ገጽ ከፍቶ ደበቀው።

«አክስቴ፣ ይቺን ጥግ ካልተጫንሽ አይወጣም። ጅብም አያሸተው።»

«እትዬ መቅዲ ቢያዩትስ?»

«እሷ እንኳን የተደበቀውን፣ የሚታየውንም አታውቀው!»

ወይዘሮ መቅዲ የቤቱ ባለቤት ናት። አዲስ አበባ ትኖራለች፤ ብቅ የምትለው በወር አንዴ ነው።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ድምፅዋ ከስክሪኑ ወጣ።

«ተሩዬ፣ አለሽ?»

«አቤት እትዬ፣ እንደምን አደሩ?»

«ስልኬ ላይ አዲስ ረዳት አስገባሁ፤ ሰው ሠራሽ አእምሮ የሚሉት። የዳሽቦርዱን ቅንብር በሙሉ አምጣልኝ ብለው ያመጣውን ስሚልኝማ። እስቲ ድገመው።»

ትሑት የሆነ የወንድ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። «ስድስት ገጾች አሉ። አንዱ ከስክሪኑ የተደበቀ ነው። በውስጡ አንድ ማሞቂያ አለ፤ ቦታው ሰርቪስ ቤት፣ ስሙ የፌኔት ልጅ። ከተጨመረ ሠላሳ አንድ ቀኑ ነው።»

ስሙን ያወጣው አማኑ ነው፤ ሕፃኑ ገና ክርስትና ስላልተነሣ ሌላ የሚጠራበት አልነበረውም። ድምፁ ስክሪኑን አላየም፤ ከስክሪኑ ጀርባ የተጻፈውን ነው ያነበበው። እዚያ ደግሞ መደበቂያ የለም።

መቅዲ ሳቀች። «እኔ ቤት ተወልዶ ለእኔ አይነገረኝም? ለልጅሽ እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ።»

ተረፈች ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «እትዬ፣ በወለዱት! ዘጠኝ ቀን ብቻ። ክርስትና እስኪነሣ።»

«ማን ውጡ አለ? አራስ የማባርር አረመኔ መሰልኩሽ እንዴ? ይቀመጡ። ከፈለጉ ሰማንያ ቀን ይቀመጡ!»

ፌኔት ሙቅ ውሃ ልትቀዳ መጥታ በሩ ላይ ነበረች። ይቺን ሰማች፤ ደስታዋን ታቅፋ ወደ ልጇ ተመለሰች። ቀሪው የደረሰው ለእናቷ ብቻ ነው።

«ማሞቂያው ግን የቤቱ ነው፣ ተሩዬ። ረዳቴ፣ አጥፋው። ገጹንም ሰርዘው።»

«ተሰርዟል» አለ ትሑቱ ድምፅ።

«ደግሞ ከሰል እንዳታስገቢ፤ ጭሱን ቆጥሮ ይነግረኛል። በይ፣ ሕፃኑን ሳሚልኝ።»

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግድግዳው እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ተረፈች የልጅ ልጇን ከጡቷ ለጥፋ፣ በጋቢ ደርባ አንጎራጎረች፤

ብርዱ ማታ መጥቶ ስምህን ቢጠራ፣
የለም በለው ደጄ፣ ተኝቷል ከኔ ጋራ።

ሕፃኑ አስነጠሰ፤ ጡት እንቢ አለ። ከንፈሩ ዳር ዳሩን ሰማያዊ ሆነ። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲህ ከሆነ፣ ሌሊቱስ?

«ተነሽ ፌኔት፣ ልብስሽን ሰብስቢ። ጫንጮ፣ አማትሽ ቤት እሳት አለ።»

«ምን? ሴትዮዋ ይቀመጡ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሃርሜ! ሰማንያም ይቀመጡ አለች!»

«ማሞቂያውን አጠፋችብን፣ ልጄ።»

«አማኑ መልሶ ይቀጥለዋላ! ፈርተሽ ነው። ለእንጀራሽ ፈርተሽ ነው!» እንባዋ ወረደ። «አማቴ፣ እናትሽ አርባ ቀን እንኳ አልቻለችሽም ወይ ስትለኝ ምን ልበላት?»

ተረፈች የአራስ ልብስ በፌስታል አሰረች፤ ልጇን ደግፋ ታክሲ ተራ አወጣቻት።

«ጫንጮ! ጫንጮ! የቀረው አንድ ሰው!» ይላል የታክሲው ረዳት።

ፌኔት ገብታ ተቀመጠች። ተረፈች የሕፃኑን እግር ልትስም አጎነበሰች፤ ፌኔት ጋቢውን ጎትታ ሸፈነችው።

«ሴትዮዋ እንኳን አላባረረችኝም» አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

ተረፈች መልስ ነበራት። አፏን ስትከፍት ረዳቱ በሩን ዘጋው።